ትንቢት የእምነት መሠረት ነው ወይ? የለጠፍኩት ጥያቄና የመጡብኝ 34 ምላሾች

ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። የሚወቀስ ካለ እኔን ይውቀስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለወጣቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እያዘጋጀሁ ነበር። ርዕሱ ስለ ክርስቶስ የተነገሩ የብሉይ ኪዳን ትንቢቶች ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ትልቅ ቁጥር ጻፍኩ፤ 1 እና ከኋላው አሥራ ሰባት ዜሮ። ፒተር ስቶነር የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ መምህር ያወጣው ስሌት ነው። ስምንት ትንቢቶች በአንድ ሰው ላይ በአጋጣሚ የመፈጸም ዕድላቸው ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንድ ብቻ ነው ይላል። ማስረጃውን በምሳሌ ነው ያስቀመጠው። የቴክሳስን ግዛት በሙሉ ስልሳ ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው የብር ሳንቲም ሸፍኑት። አንዷ ሳንቲም ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ዓይኑን የታሰረ ሰው ይግባና በመጀመሪያው ሙከራ እሷኑ ያንሳ።

ደስ የሚል ምሳሌ ነው። ወጣት ያፈዛል። እውነቱን ለመናገር የኢንተርኔት ውይይት መድረክ ላይ የጻፍኩት ጭብጨባ ፈልጌ ነው። ትንቢት ለክርስትና እምነት ከሁሉ የጸና መሠረት መሆኑን ጻፍኩ፣ ትስማማላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኩ፣ ቁጥሩን ከሥር አስቀመጥኩና ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ 12 ምላሽ ጠበቀኝ። በሦስተኛው ቀን 34 ደረሰ።

ቃል በቃል አልገለብጣቸውም። ሰዎቹንም በቁጥራቸው ነው የምጠራቸው፤ ስማቸውን ማውጣት ደግ አይደለም።

ቁጥር 1 እና 2 የጠበቅኳቸው ነበሩ። አሜን፣ ተባረክ። ቁጥር 3 ሁለተኛ ጴጥሮስ 1፥19ን ጠቀሰ፤ ጴጥሮስ የትንቢትን ቃል በጨለማ ስፍራ ከሚበራ መብራት ጋር እንዳመሳሰለው አስታወሰን። ጥሩ እየሄደ ነበር።

ቁጥር 4 ላይ ነገር ተበላሸ። የጻፈችው የስታቲስቲክስ አስተማሪ ናት። ክርስቲያን መሆኗን አስቀድማ ተናገረች፣ ከዚያ ስሌቴን በትሕትና አረደችው። ዕድልን በዕድል ማባዛት የሚቻለው አንዱ ነገር ሌላውን የማይነካ ሲሆን ብቻ እንደሆነ አስረዳች። ከስምንቱ ሁለቱ፣ ሠላሳው ብርና ገንዘቡ ወደ ሸክላ ሠሪው መሄዱ፣ ሁለቱም ከዘካርያስ 11 ተከታታይ ቁጥሮች የተወሰዱ ናቸው። የሚያወሩትም ስለ አንድ ገንዘብ ነው። እንደ ሁለት የተለያየ ዕጣ ሊቆጠሩ አይችሉም። በአህያ ተቀምጦ መግባት ደግሞ ሰው አስቦ ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው፤ ኢየሱስ ራሱ ደቀ መዛሙርቱን ልኮ ነው አህያዋን ያስመጣው። የእያንዳንዱን ትንቢት ዕድልም ስቶነርና ተማሪዎቹ ገመቱት እንጂ ከየትም የተለካ አይደለም። በመጨረሻ አንድ ነገር አከለች፣ እሱ ነው የቆጠቆጠኝ። ስሌቱ ወንጌል የሚለው ሁሉ እንደተፈጸመ አስቀድሞ ይቀበላል። ተጠራጣሪው የሚጠይቀው ግን እሱን ነው።

ቁጥር 5 ተቆጣ። እምነት በሒሳብ እንደማይመዘን፣ እንዲህ ያለ ትምህርት የልብን እሳት እንደሚያጠፋ ጻፈባት። ቁጥር 6 አጭር ነው፤ ሒሳቡን ያመጣው ለጣፊው እንጂ እሷ አለመሆኗን አስታውሶ የሚስቅ ፊት አስከተለ። ልክ ነው። ዝም አልኩ።

ከዚያ ቁጥር 7 ገባ። ይህን ሰው ያዙት፣ አራት ጊዜ ይመለሳል። ያደገው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፣ አሁን አያምንም። ያመጣው ኢሳይያስ 7፥14ን ነው፤ ድንግል ትፀንሳለች የሚለውን። የዕብራይስጡ ቃል አልማ እንደሆነ፣ ትርጉሙ ወጣት ሴት ማለት እንደሆነ፣ ለድንግል የተለመደው ቃል በቱላ እንደሆነ ጻፈ። ምዕራፉን ከመጀመሪያው እንድናነብም ጋበዘን። የይሁዳው ንጉሥ አካዝ ተከቧል። የሶርያና የእስራኤል ነገሥታት ተባብረው መጥተውበታል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት 734 አካባቢ መሆኑ ነው። ምልክቱ የሚሰጠው ለእሱ ነው። የዚያው ምዕራፍ ቁጥር 16 ደግሞ ሕፃኑ ክፉና ደጉን ሳይለይ የሁለቱ ነገሥታት ምድር ባዶ እንደምትሆን ይናገራል። ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ የሚወለድ ልጅ ለአካዝ ምኑ ነው? ይህ ነበር ጥያቄው።

ቁጥር 8 ወዲያው መለሰለት። መጽሐፉን ወደ ግሪክ የመለሱት አይሁድ ሊቃውንት፣ ሰባ ሊቃናት የሚባሉት፣ ክርስትና ሳይኖር በፊት ቃሉን ፓርተኖስ ብለው እንደተረጎሙት አመለከተ፤ ድንግል ማለት ነው። ማቴዎስ ከራሱ አልፈጠረም። ቁጥር 9 ላይ ሰባተኛው ተመለሰ። ያው የግሪክ ትርጉም ዘፍጥረት 34፥3 ላይ ዲናን ከተደፈረች በኋላ እንኳ ፓርተኖስ እንደሚላት አሳየ። ይህን አላውቅም ነበር። ገልጬ አየሁ፣ እውነት ነው።

እዚህ ላይ ሊጋጋል ሲል ቁጥር 10 ገቡ። አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ አጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ ለሁሉም ልጄ ይላሉ። በሁለተኛው መቶ ዘመን ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ትሪፎን ከተባለ አይሁዳዊ ጋር ስለዚሁ ቃል መከራከሩን ነገሩን። ትሪፎን ቃሉ ወጣት ሴት ማለት መሆኑን፣ ትንቢቱም ስለ ሕዝቅያስ መነገሩን ተናግሮ ነበር። አሥራ ስምንት መቶ ምናምን ዓመት ያልተዘጋ ክርክር እኛ በአንድ ሌሊት እንደማንዘጋው አስታውሰው፣ እሳቸው ግን ቃሉ ለአካዝም ምልክት ሆኖ በክርስቶስ ሙሉ ፍጻሜውን እንዳገኘ እንደሚያምኑ ገለጹ። ሰባተኛው አልተቀበላቸውም። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እርስዎ ብሎ ጻፈ።

11 እና 12 ጥያቄውን አባሱት። አንዱ ሆሴዕ 11፥1ን አመጣ። ማቴዎስ ልጄን ከግብፅ ጠራሁት የሚለውን ለሕፃኑ ኢየሱስ ስደት ይጠቅሰዋል። ሆሴዕ ላይ ግን ቃሉ ስለ ወደፊት አይናገርም። እስራኤል ከግብፅ ስለ መውጣቱ፣ ስላለፈ ነገር ነው። ሌላው ማቴዎስ 27፥9ን አነሣ፤ የሠላሳውን ብር ቃል ከኤርምያስ ያደርገዋል፣ አብዛኛው ቃል ግን ያለው ዘካርያስ ውስጥ ነው። 13 ላይ አምስተኛው ሰውዬ ተመልሶ ሁላችንንም ቃሉን አጣማሚዎች አደረገን። እኔንም ጨምሮ። እኔ እስካሁን አንድ ቃል አልጻፍኩም!

ስለ ቁጥር 14 ትንሽ ልቆይ። ሴት ናት፣ ስለ ራሷ ምንም አልተናገረችም። የጀመረችው ከሦስተኛው ሰው ጥቅስ ነው። ጴጥሮስ ስለ ትንቢት መብራት የጻፈው ቁጥር 19 ላይ ነው፤ እሷ ግን ከ16 ጀምረን እንድናነብ ጠየቀች። እዚያ ጴጥሮስ መጀመሪያ የሚናገረው በዓይኑ ስላየው ግርማ ነው። ትንቢቱ ከዚያ ይከተላል። ቀጥላ ወደ ዮሐንስ 12፥16 ወሰደችን። ኢየሱስ በአህያ ተቀምጦ ኢየሩሳሌም ሲገባ፣ ዘካርያስ 9፥9 ዓይናቸው ሥር ሲፈጸም፣ ደቀ መዛሙርቱ ምንም አልገባቸውም። ዮሐንስ ይህን አይደብቅም። ክርስቶስ ከከበረ በኋላ ነው ነገሩ ስለ እሱ የተጻፈ መሆኑ ትዝ ያላቸው። የኤማሁስ መንገደኞችም እንዲሁ። ነቢያትን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙ ያደጉ ናቸው፤ ግን ፊታቸው ጠቁሮ ከኢየሩሳሌም እየራቁ ነበር። እንግዲህ ከሐዋርያት መካከል ትንቢቶቹን ደምሮ፣ ውጤቱን አይቶ፣ ያመነ አንድ ሰው አምጡልኝ የሚል ነበር የጽሑፏ መንፈስ። መጀመሪያ ሰውየውን አገኙት። ከዚያ የሚያውቁትን መጽሐፍ እንደ አዲስ ገለጡት።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የትምህርቴ ገጽ 1 ፊት ለፊቴ ተከፍቶ ነበር። ያ ሁሉ ዜሮ።

ቁጥር 15 ሰባተኛው ነው። የእሷን ጽሑፍ ወደደው፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። የሚለው ነገር በእሷ አፍ እንደተነገረለት አድርጎ ወሰደው። መጀመሪያ ተኩሶ፣ ጥይቱ ያረፈበት ላይ ዒላማ የሚስል ሰው ሁልጊዜ መሐሉን ይመታል። ምላሹ ስለታም ነበር፣ ፍትሐዊም ነበር።

16 ላይ አንድ ሰው የሆሴዕን ጥቅስ ገልብጦ ተጠቀመበት። ማቴዎስ ታሪክ የሚፈጥረው ከትንቢት ተነሥቶ ከሆነ፣ ትንቢት የማይመስል ጥቅስ ለምን ይመርጣል? ማንም ይፈጸማል ብሎ የማይጠብቀውን? ይልቅ ታሪኩ አስቀድሞ በእጁ ስለነበረ ነው ጥቅስ ፍለጋ የወጣው፣ ባይ ነው። ነገሩ ቀልቤን ሳበው፤ ደካማ የመሰለን ጥቅስ ለታሪኩ ምስክር አደረገው። ሰባተኛው 17 ላይ ስለ ሆሴዕ ግማሽ መንገድ ተቀበለ። ስለ ቤተ ልሔም ግን አልተቀበለም። ሚክያስ 5፥2 በዘመኑ የታወቀ ተስፋ እንደነበረ ዮሐንስ 7፥42 ራሱ ይመሰክራል፤ ሕዝቡ መሲሕ ከቤተ ልሔም እንጂ ከገሊላ ይመጣል ወይ እያለ ይከራከር ነበር። እንዲህ የሚጠበቅ ነገር ለጸሐፊ ፈተና ይሆናል፣ ነው ነጥቡ። ለዚህ የመለሰለት የለም። እኔም መልስ አለኝ አልልም።

ከ18 እስከ 22 ያሉት ካልኩሌተር ይዘው የመጡ ናቸው። የዳንኤል ሰባ ሱባዔ፣ መሲሑ የሚመጣበትን ጊዜ ይናገራል የሚባለው ትንቢት። ኢየሩሳሌምን ለመሥራት ትእዛዝ ከወጣበት እስከ መሲሑ ስልሳ ዘጠኝ ሱባዔ፣ እያንዳንዱ ሰባት ዓመት፣ ድምሩ 483። ቁጥር 18 ዕዝራ 7 ላይ ካለው የአርጤክስስ ደብዳቤ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 457 ጀመረና እ.ኤ.አ. 27 ላይ ደረሰ፤ ዜሮ ዓመት የሚባል እንደሌለ አልረሳም። ቁጥር 19 መነሻው ነህምያ ኢየሩሳሌምን እንዲሠራ የተፈቀደለት 445 እንጂ 457 እንዳልሆነ ተከራከረ። ግን በዚህ ከሄድን 39 ላይ እንወድቃለን፣ ለኢየሱስ ዘመን ዘግይቷል። ስለዚህ የሎንደን ፖሊስ ሹም የነበረው ሮበርት አንደርሰን እንዳደረገው ዓመቱን 360 ቀን አደረገና 173,880 ቀን ቆጠረ። ቁጥር 20 ሁለቱንም ጣላቸው። ጥቅሱ የሚያወራው አይሁድን ስላሳደደው ንጉሥ ስለ አንጥያኮስ ኤጲፋንዮስ ዘመን እንደሆነ፣ ጥቅሱ ውስጥ የሚገደለው የተቀባውም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ171 አካባቢ የተገደለው ሊቀ ካህናት ኦንያስ እንደሆነ፣ ቤተ መቅደሱም በ167 መርከሱን ጻፈ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ክርስትናን የሚቃወመው ፈላስፋ ፖርፊርዮስ በሦስተኛው መቶ ዘመን የዳንኤል መጽሐፍ በዚያ ዘመን እንደተጻፈ ተናግሮ፣ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ሊቁ ሄሮኒሙስ በዳንኤል ትርጓሜው ሞግቶታል። ቁጥር 21ን አወያዩ ሰርዞታል። ከመሰረዙ በፊት አይቼዋለሁ፤ ስለ ዳንኤል ምንም አልነበረውም።

22 ጥቂት መስመር ነው። አሜሪካዊው ሰባኪ ዊሊያም ሚለርም ከዚያው ከ457 ተነሥቶ፣ የዳንኤል 8ን 2300 ቀን እንደ ዓመት ቆጥሮ ክርስቶስ የሚመለስበትን ጊዜ ማስላቱን አስታወሰ። ተከታዮቹ ኦክቶበር 22 ቀን 1844ን ጠበቁ። ቀኑ መጣ፣ መሸ፣ ነጋ። 18 ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። እኔን ብትጠይቁኝ፣ እስኪገጥም ድረስ መነሻውና የዓመቱ ርዝመት የሚቀያየርለት ስሌት የእኔን የቴክሳስ ሳንቲም ይሸተኛል።

23 ስለ ጢሮስ ነው። ሕዝቅኤል 26 ናቡከደነፆር እንደሚያፈርሳት ይናገራል። አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ከበባው 13 ዓመት እንደፈጀ ጽፏል። ግን ደሴቲቱን የሰበራት ታላቁ እስክንድር ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ332፣ ከየብሱ ከተማ ፍርስራሽ ባሕሩ ላይ መንገድ ሠርቶ። ከተማዋ ደግሞ ዛሬም ሊባኖስ ውስጥ ሱር ተብላ ሰው ይኖርባታል። 24 መልስ ነበረው፤ ትንቢቱ ብዙ አሕዛብ ስለሚል እስክንድርም ይጨመራል። ይሁን። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ሕዝቅኤል 29፥18 ናቡከደነፆር ስለዚያ ድካሙ ከጢሮስ ደመወዝ እንዳላገኘ በግልጽ ይናገራል። ሁለቱም ቃል በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ቀረ። ማንም አላስተካከለውም።

25 ሁሉም የሚጠብቀውን አመጣ፤ ኢሳይያስ 53፣ መከራ ስለሚቀበለው የእግዚአብሔር ባሪያ። እ.ኤ.አ. በ1947 ገደማ ሙት ባሕር አጠገብ ኩምራን ዋሻ ውስጥ ስለተገኘው ጥቅልል ጻፈ። ርዝመቱ ከሰባት ሜትር ይበልጣል፣ መጽሐፉን ከሞላ ጎደል ሙሉውን ይዟል፣ ከክርስቶስ ልደት መቶ ዓመት ያህል ይቀድማል። ሙሉ ሆነው እስከ ዛሬ ከቆዩት የዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስ ቅጂዎች ጥንታዊው ግን እ.ኤ.አ. የ1008 ነው። አሁን ማንም ምዕራፉን ክርስቲያኖች ጨመሩት ማለት አይችልም። ስለ መተላለፋችን የቆሰለው፣ አፉን ያልከፈተው፣ መቃብሩ ከባለጠጋ ጋር የሆነው፣ ሁሉም እዚያ ተጽፏል።

26 አይሁዳዊ ናት፣ እንደተናገረችው። ጽሑፏ ጨዋ ነው፣ ግን አልማረችንም። ጥቅልሉ የጽሑፉን ዕድሜ እንጂ ስለ ማን እንደተጻፈ አያረጋግጥም። ኢሳይያስ 49፥3 ባሪያዬ እስራኤል ይላል። ክርስቲያኑ ሊቅ ኦሪጀን በሦስተኛው መቶ ዘመን ያከራከራቸው አይሁድም ባሪያው ሕዝቡ እንደሆነ ነግረውታል፤ ይህን የጻፈው ራሱ ኦሪጀን ነው። አይሁዳዊው የመጽሐፍ ተርጓሚ ራሺም በ11ኛው መቶ ዘመን እንዲሁ ተረጎመው። ከታማኝነቷ የተነሣ የሚጎዳትንም አልደበቀችም። የጥንቱ የአራማይስጥ ትርጓሜ 52፥13 ላይ ባሪያዬ መሲሕ ይላል፣ መከራውን ግን ከእሱ ላይ አንሥቶ ለሌሎች ይሰጣል። 27 የመለሰላት ከዚያው ከኢሳይያስ 49 ነው፤ ቁጥር 5 እና 6 ላይ ባሪያው እስራኤልን ራሱን ሊመልስ ይላካል። 53፥8 ላይም ስለ ሕዝቤ ኃጢአት ተመታ ይላል። ሕዝብ ስለ ሕዝብ እንዴት ይመታል? እሷ አልመለሰችም፣ ግን ጽሑፉን ወደደችው። በዚህ ውይይት ከእሷና ከ27 በላይ የተከባበረ አላየሁም።

28 እስከ 30 ከመንገድ ወጣ። 28 እጆቼንና እግሮቼን ቸነከሩኝ የሚለውን ጠቅሶ መዝሙር 21 አለ። 29 መዝሙር 22 መሆኑን እንኳ የማያውቅ ሰው ስለ ትንቢት ባይጽፍ እንደሚሻል ነገረው። ሁለቱም ልክ ናቸው። የሰባ ሊቃናት ቁጥር መዝሙር 9 እና 10ን አንድ ስለሚያደርጋቸው ከዚያ በኋላ በአንድ ይቀንሳል። 30 ይህን አስረድቶ፣ ዋናውን ነገር በስተመጨረሻ ጣል አደረገ። የተለመደው የዕብራይስጥ ቅጂ እዚያ ቦታ ላይ እንደ አንበሳ ይላል። ሙት ባሕር አጠገብ ናሐል ሔቨር በሚባል ቦታ የተገኘው ጥንታዊ ቁራጭ ግን ግስ ነው ያለው፣ የግሪኩም ቆፈሩ ይላል። ልዩነቱ የአንድ ፊደል ጭራ ርዝመት ነው። ማንም አልተከታተለውም። ሁለቱ አሁንም በ21 እና በ22 ይጣላሉ።

31 ስለ ዘመኑ ነቢያት ምሬቱን አፈሰሰ። 32 ዘዳግም 18፥22ን ሰጠው፤ የተናገረው ካልሆነ እግዚአብሔር አልተናገረውም። አያይዞም አይሁዳዊው ሊቅ ረቢ አቂባ የዘኍልቍ 24፥17ን ኮከብ በሮም ላይ ላመፀው ለባር ኮክባ መስጠቱን አነሣ። ዓመፁ እ.ኤ.አ. በ135 በደም አለቀ። ትልቅ ሊቅም ትንቢትን የተሳሳተ ሰው ላይ ሊያሳርፍ ይችላል።

33 ላይ ሰባተኛው ተመለሰ። አላመነም። ግን 25ን ካነበበ በኋላ ኢሳይያስን ከ52፥13 እስከ 53 መጨረሻ ሳያቋርጥ እንዳነበበው ጻፈ። ከልጅነቱ ጀምሮ ቁርጥራጭ ጥቅስ እንጂ ሙሉውን አንብቦት አያውቅም ነበር። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነቢዩ ይህን ሲጽፍ በአእምሮው ማን ነበር? 34 ቁጥር 10 ላይ የጻፉት አባት ናቸው። ይህን ጥያቄ ከሠረገላ ላይ የጠየቀ ጃንደረባ እንደነበረ፣ የሐዋርያት ሥራ 8 ላይ እንደሚገኝ ነገሩት። ጃንደረባው ሲጠይቅ ፊልጶስ ከጎኑ መቀመጡንም። ከፈለገ አብረው ሊያነቡ እንደሚችሉ ጋበዙት። መልሱን በውስጥ መስመር ሰጥቷቸው እንደሆነ አላውቅም።

እኔ የቴክሳሱን ሳንቲም ከገጽ 1 አወጣሁት። ዮሐንስ 12፥16ን ጻፍኩበት፣ ከሥሩ ሰፊ ባዶ ቦታ ተውኩ። ዝግጅቱን ጨርሼ ስልኬን ሳይ አምስተኛው ሰውዬ በግል ጽፎልኝ አገኘሁ። ቁጥሩን ከእኔ ጽሑፍ ወስዶ ባለፈው እሑድ አስተምሮበታል። ሰው ሁሉ ወዶለታል። አሁን የአራተኛዋን ምላሽ ደግሞ ደጋግሞ እያነበበ ነው፣ ምን ላድርግ ይላል።